ቤታችንን ሸጠን ልጃችንን ውጭ እንውሰዳት?

በዚህ እትም የማነሣው ጉዳይ የመጣው ከአንድ ባልና ሚስት ነው። የሚኖሩት ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በደራ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ ጀርባዋ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ነበረባት፤ አዲስ አበባ ተወስዳ በቀዶ ሕክምና ተዘግቶላታል። ዛሬ ሁለት ዓመቷ ነው። ትስቃለች፣ ታወራለች፣ መዝሙር ሲዘመር ታጨበጭባለች፤ እግሮቿ ግን አይሸከሟትም። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዘመድ «በስቴም ሴል ያድናሉ» ብሎ የአንድ ክሊኒክ ማስታወቂያ ልኮላቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑ መዋጮ ሊጀምር ነው፤ እነርሱም ቤታቸውን ለመሸጥ ደላላ አነጋግረዋል። «እንሽጥ ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ እናትየዋ ብቻዋን፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ሌላ ልጅ ለመውለድ ልድፈር ወይ?» ብላ ጨምራለች።

ሁለቱም ጥያቄዎች የእነርሱ ብቻ ስላልሆኑ በአደባባይ ልመልሳቸው ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ።

ሕመሙ በሕክምና ስሙ ስፓይና ቢፊዳ ይባላል። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርድ የነርቭ ገመድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ይህ ገመድ መጀመሪያ ላይ ጠፍጣፋ ነው፤ ከዚያ እንደ እጥፋት ተጠቅልሎ ቱቦ ይሆንና ይዘጋል። ፅንሱ ያን ጊዜ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ሥራው ሁሉ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው። እስቲ አስቡት፤ አንዲት ሴት «የወር አበባዬ ቀረብኝ እኮ» ብላ መጠራጠር በጀመረችበት ሰሞን የልጇ ህብለ ሰረሰር ወይ ተዘግቷል ወይ ክፍት ቀርቷል። ክፍት ከቀረ ነርቩን የሚሸፍነው አጥንትና ቆዳ አይገጥምም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የተጋለጠው ነርቭ በእንሽርት ውሃውና ከማኅፀን ግድግዳ ጋር በሚደረገው መፋተግ እየተጎዳ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ሕመም ልጁ ሳይወለድ በማኅፀን ውስጥ የሚደርስበት የህብለ ሰረሰር ጉዳት ነው ብንል አንሳሳትም።

በአገራችን ደግሞ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በአዲስ አበባ ሦስት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊድ በ126ቱ ላይ እንዲህ ያለ የነርቭ ቱቦ ክፍተት አግኝቷል፤ ከ80 ወሊድ አንዱ ማለት ይቻላል። ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች የሚላኩት ከበድ ያሉት ስለሆኑ ቁጥሩ ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ሊል ይችላል። ቢሆንም በበለጸጉት አገሮች ከ10,000 ከ10 ብዙም የማያልፍ መሆኑን ስናይ ልዩነቱ ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ስቴም ሴሉ እንምጣ። ዘመዳቸው የሰማው ከባዶ የተነሣ ወሬ አይደለም። ስቴም ሴል ማለት ሥራው ገና ያልተለየለት፣ እየተባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ ወይም የተጎዱትን ህዋሳት ሊደግፍ የሚችል ህዋስ ነው። ለእንደነዚህ ያሉ ሕፃናት በእውነት እየተሞከረ ነው። የት፣ መቼና እንዴት እንደሆነ ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ትልቅ ጥናት ውጤት ወጣ። ሐኪሞቹ እርግዝናው 26 ሳምንት ሳይሞላው የእናትየዋን ማኅፀን ከፍተው የፅንሱን ጀርባ ሰፉና ማኅፀኑን መልሰው ዘጉት። ልጆቹ ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው በማኅፀን ሳሉ ከታከሙት 42 በመቶው ያለ ድጋፍ ሲራመዱ፣ ከተወለዱ በኋላ ከታከሙት የተራመዱት 21 በመቶው ብቻ ነበሩ። እጥፍ ነው፤ ግን ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም አልተራመዱም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የምትሠራው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ዳያና ፋርመር ከባልደረባዋ ከአይጁን ዋንግ ጋር ሆና የተነሣችው ከዚህ ነው። እኛ ቀብረን ከምንረሳው ከእንግዴ ልጅ ስቴም ሴል ወስደው እንደ ጨርቅ ቁራጭ ባለ ስስ ንጣፍ ላይ አሳደጉት፤ ያንንም በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የፅንሱ ነርቭ ላይ አለበሱት። መጀመሪያ በበግ ግልገሎች ላይ ሞከሩት፤ በዚሁ ዓይነት የታከሙት ግልገሎች ተወልደው ቆመው ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ከሕመሙ ጋር ለተወለዱ ሁለት ቡችሎች ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያዋ እናት ታከመች። የመጀመሪያው ደረጃ ስድስት ሕፃናት ብቻ የተካተቱበት ሲሆን ዓላማውም ሕክምናው ጉዳት እንደማያመጣ ማየት ነበር። ጥናቱ በጠቅላላው ወደ 35 ሕፃናት እንዲያካትት የታሰበ ነው፤ ልጆቹም ስድስት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ ይታያሉ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። የእንግዴ ልጁ ህዋስ የሞተ ነርቭ አያስነሣም፤ ያልሞተው እንዳይሞት ይጠብቃል ተብሎ ነው የሚሞከረው። የሁለት ዓመት ልጅ ጀርባ ላይ ይህን የሚያደርግ የተረጋገጠ ሕክምና አሜሪካም፣ ሕንድም፣ ቻይናም የለም።

ከዛፍ ወድቀው ወይም መኪና ገጭቷቸው ህብለ ሰረሰራቸው ስለተጎዳ ልጆችም ጠያቂ ብዙ ነው። በዚህም በኩል ተመራማሪዎች አልተኙም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 አትላንታ ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ከፅንስ የተገኘ ስቴም ሴል ወሰደ፤ ኩባንያው ግን በገንዘብ ምክንያት በዓመቱ ተወው። በቶኪዮ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አራት ሰዎችን አክመው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ሁለቱ መሻሻል ማሳየታቸውን ተናግረዋል። አራቱም አዋቂዎች ናቸው፤ የታከሙትም ጉዳቱ በደረሰባቸው በሳምንታት ውስጥ ነው። ተስፋ አለው፤ በአራት ሰው ግን ቤት አይሸጥም።

ገንዘብ ተቀብለው «እናድናለን» የሚሉትስ? እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብርቅ የሆነ የነርቭ ሕመም ያለበት አንድ እስራኤላዊ ልጅ ሞስኮ እየተመላለሰ ከፅንስ የተወሰደ ስቴም ሴል አንጎሉና የህብለ ሰረሰሩ ፈሳሽ ውስጥ ተወጋ። ከአራት ዓመት በኋላ አንጎሉና ህብለ ሰረሰሩ ላይ ዕጢ ተገኘበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ምርመራ ዕጢው ከልጁ ሳይሆን ከተሰጠው የሌላ ሰው ህዋስ የበቀለ መሆኑን አሳየ። ጀርመን ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሕፃን አንጎሉ ውስጥ ህዋስ ከተወጋ በኋላ ሞቷል፤ ማዕከሉም በማግስቱ ዓመት ተዘጋ። ሩሲያና ጀርመን የታወቀ ሕክምና ያላቸው አገሮች ናቸው፤ የውጭ አገር ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም ለማለት ነው።

ለመለየትም ያን ያህል አይከብድም። በትክክል የተመዘገበ የምርምር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ለሙከራው ሕክምና ከታካሚው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የካሊፎርኒያውን ያወጣው የግዛቱ የምርምር ገንዘብ ነው። አንዱ መርፌ ሽባነትንም፣ ኦቲዝምንም፣ ስኳርንም፣ የዓይን ሕመምንም ያድናል ከተባለ ተጠራጠሩ። ማስረጃ ስትጠይቁ የዳኑ ሰዎች ምስክርነት ብቻ ከቀረበላችሁም እንደዚሁ። እኛ ምስክርነት የምንወድ ሕዝብ ነን፤ ነጋዴውም ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አጭር ነው፤ ቤታችሁን አትሽጡ። መዋጮው ግን አይቁም፤ አቅጣጫውን ይቀይር።

ልጅቱ ገንዘብ የሚያስፈልጋት ብዙ ነገር አለና። ወላጆች ሁሉ የሚያዩት እግሩን ነው፤ እንደዚህ ያሉትን ልጆች ለሞት የሚያደርሳቸው ግን ብዙ ጊዜ ኩላሊት ነው። ወደ ፊኛ የሚሄደው ነርቭ ስለተጎዳ ሽንት በሙሉ አይወጣም፤ የቀረው ይቆጣል፣ ወደ ኩላሊትም ይመለሳል። መፍትሔው በየጥቂት ሰዓቱ ንጹሕ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ፊኛውን ባዶ ማድረግ ነው። ሲሰሙት ያስፈራል፤ እናቶች ግን ሆስፒታል ውስጥ ተምረው ቤታቸው ይሠሩታል፤ ልጅቱም ከፍ ስትል ራሷ ትሠራዋለች። ቱቦው፣ ሳሙናው፣ የሽንት ምርመራው፣ የኩላሊት አልትራሳውንዱ በየጊዜው ብር ይፈልጋል። ከደራ አዲስ አበባ ድረስ ለክትትል የሚደረገው ምልልስም እንዲሁ፤ ትራንስፖርቱ ብቻ ሳይሆን የማደሪያውም አለ።

ሌላው ጭንቅላት ነው። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ለዚህ ቀጭን ቱቦ ከተገባላቸው ደግሞ ቱቦው ሊደፈን ይችላል። ጭንቅላቷ በፍጥነት ካደገ፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ ከፈዘዘች ወይም ዓይኗ ወደ ታች ካዘነበለ ሳታመነቱ ሆስፒታል ውሰዷት፤ «እስኪ እሑድ ይለፍ» አይባልም። እግሯ ስለማይሰማት ከከሰል ምድጃና ከሙቅ ውሃ ጠብቋት፤ ማታ ማታ ጫማዋን አውልቃችሁ ቁስል ፈልጉ። ከዚያ ድጋፍ ብረት፣ ሲያስፈልግም ዊልቸር፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። አእምሮዋ ብሩህ የሆነች ልጅ እግሯ ስላልሄደ ብቻ ፊደል ሳትቆጥር ብትቀር ጥፋቱ የሕመሙ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 በኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነው፤ ብዙዎቻችን «ኮሪያ ሆስፒታል» የምንለውም ተባባሪ ነበር። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ በዘውዲቱና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች የሕፃናት ጀርባና የጭንቅላት ውሃ ቀዶ ሕክምና ይሠራል። ጀርባው ክፍት ሆኖ የተወለደ ልጅ ያጋጠማት አዋላጅ ወይም እናት ቦታውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍና፣ ልጁን በሆዱ ወይም በጎኑ አስተኝታ፣ ቅባትም ሆነ ቅጠል ሳትቀባ በዚያው ቀን ትላከው። ሁለትና ሦስት ቀን ካለፈ ማመርቀዝ ይመጣል።

ባሎች፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንነጋገር። ቱቦውን የምታስገባው፣ የምታጥበው፣ ሆስፒታል ወረፋ የምትይዘው ሁልጊዜ ሚስት ብቻ ከሆነች ትዳሩ ውስጥ ውስጡን ይደክማል። አንድ ቀን እናንተ ያዟት። አባት ይህን ተምሮ ቢሠራ ነውር የለበትም።

ስለ ጸሎትም አንድ ነገር። እንጸልይ፤ እጃችንንም እንጫንባት። ነገር ግን «ተጸልዮላታል፣ እምነት ካላችሁ ቱቦውን ተዉት» የሚል ሰው ካለ ሽማግሌዎች በፍቅር ያርሙት። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳፈር ሳይሆን ኩላሊቷን ስለማስብ ነው።

እናትየዋ ከጻፈችው ውስጥ ያሳዘነኝ ሌላ ነበር፤ ከዘመድ ወገን «ምን ሠርታ ነው?» የሚል ቃል ሰምታለች። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ያነበበ ሁሉ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ እንደጠየቁና ጌታ በማን ላይም ጥፋት እንዳላደረገ ያውቃል። እህቴ፣ በሕክምናውም በኩል ቢሆን ጥፋተኛ አይደለሽም። መንስኤው ብዙ ነው፤ በዘር የሚመጣ ዝንባሌ አለ፣ የስኳር ሕመም አለ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ እንደ ቫልፕሮኤት ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ማንም ያልነገረሽ የፎሊክ አሲድ እጥረት አለ።

ፎሊክ አሲድ የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ፣ በሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የነበሩ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው በየቀኑ 4 ሚሊ ግራም ሲወስዱ ሕመሙ የመደገም ዕድሉ 72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ሳይወስዱ ሕመሙ የሚደገመው ከ100 እርግዝና ከ2 እስከ 5 ባለው ላይ ነው። ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄሽ መልሴ፣ ድፈሪ ነው። መጀመሪያ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ይህን ታሪክሽን ንገሪው፤ ለአንቺ የሚታዘዘው ለሌሎች ሴቶች ከሚሰጠው አሥር እጥፍ ገደማ ነውና በራስሽ አትጀምሪው። ከመፀነስሽ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ቀድመሽ ጀምረሽ እስከ 12 ሳምንት ትወስጂዋለሽ።

እናንተ ሌሎቻችሁስ? ለማንኛዋም ልትፀንስ ለምትችል ሴት የሚመከረው በቀን 0.4 ሚሊ ግራም ነው። «በእርግዝና ክትትል ይሰጡናል እኮ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ከአይረን ጋር የተዋሃደው ኪኒን ለደማችሁ ይጠቅማል፤ ለህብለ ሰረሰሩ ግን ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሦስተኛው ወር የመጣችዋም ብትሆን 28ኛው ቀን ካለፈ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው የንጥረ ነገር ጥናት ደግሞ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ኢትዮጵያውያት 84 በመቶዎቹ ደማቸው ውስጥ ይህን ሕመም ለመከላከል የሚበቃ ፎሌት እንደሌለ አሳይቷል። ከአሥር ከስምንት በላይ ማለት ነው፤ እሑድ ከፊታችሁ የተቀመጡትን ወጣት ሴቶች ቁጠሩ።

መንግሥት ፋብሪካዎች የስንዴ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨምሩ የሚያስገድድ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 አውጥቷል። መልካም ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 በስንዴና በበቆሎ ዱቄት ላይ ጀምራ ሕመሙን በ30 በመቶ ያህል ቀንሳለች። ነገር ግን እኛ አርሲዎችና ጎረቤቶቻችን የምንኖረው በስንዴ አገር ነው፤ ስንዴውን ከጎተራችን አውጥተን፣ ለቅመን፣ ሰፈር ወፍጮ ቤት እናስፈጫለን። ወፍጮ ቤቱ ፎሊክ አሲድ አይጨምርም። ጤፉም፣ በቆሎውም እንዲሁ ነው። አዋጁ የዳቦ ቤቱን ዱቄት ያገኘው ይሆናል፤ የእኛን ሞሰብ ግን ገና አላገኘውም። ቦሎቄ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት አላቸው። በእኛው ስምጥ ሸለቆ የሚመረተው ነጭ ቦሎቄ በጆንያ ተጭኖ ውጭ አገር ሲሄድ ሳይ ግርም ይለኛል፤ ጥቂቱ ለሙሽሮቻችን ቢቀር! ቢሆንም ምግብ ብቻውን፣ በተለይ ብዙ ከተቀቀለ፣ በቂ ስለማይሆን ኪኒኑን አይተካም። ኪኒኑም ሁሉንም አይከላከልም፤ የሚቀሩ አሉና፣ እየወሰደች እንዲህ ያለ ልጅ የወለደችን እናት ማንም «ሳትወስጂ ቀርተሽ ነው» አይበላት።

ሽማግሌዎችና የቅድመ ጋብቻ አስተማሪዎች፣ አንድ ልመና አለኝ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ወረቀት መጠየቅ የጀመሩት ብዙ ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሲጀመር ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ማንም አይገረምም። በዚያው ትምህርት ላይ ስለዚህ ኪኒን አሥር ደቂቃ ስጡ። የጤና ባለሙያ የሆነች እህት በጉባኤያችሁ አትጠፋም፤ እርሷ ታስረዳ። ልጅ ለማዘግየት መርፌ ወይም ኪኒን የሚጠቀሙም ሊያቆሙ ሲያስቡ አስቀድመው እንዲጀምሩ ይነገራቸው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እህት ካለች መድኃኒቷን በራሷ ሳታቋርጥ ሐኪሟን ታማክር። መግዛቱን ለሙሽራው ብትሰጡት ደስ ይለኛል፤ ዋጋው ከሠርግ ወጪው ውስጥ የሚታይ አይደለም። ለጥር ሠርግ የሚዘጋጁ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ ትምህርታቸውን ጥቅምት ላይ ይጀምራሉ፤ ኪኒኑም በዚያው ወር ቢጀመር በደንብ ይደርሳል።